ብርድ የሚፈራ ሚዛን

የማቀዝቀዣ ጋዝ መሙያ ሚዛን የበጋ ፍጡር ነው። በጥላቻ የምናገረው አይደለም፤ አብሮኝ ብዙ ጣሪያ የወጣና የወረደ፣ እንጀራዬን ያበሰለልኝ ዕቃ ነው። ግን ባሕርዩ ይኸው ነው። መመሪያው ላይ ማንም በማይደርስበት የመጨረሻ ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ከ0 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ» የሚል ተጽፎ ይገኛል። የብዙዎቹ ሚዛኖች ልክ ከዚህ አይርቅም። ይህን የጻፈው ሰው እኔ የምኖርባትን የብርድ አገር ሚኒሶታን በካርታ እንኳ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

የሚያናድደው ደግሞ ሚዛኑ ከምንጊዜውም ይልቅ የሚያስፈልገን በብርዱ ወራት መሆኑ ነው። በሞቃቱ ጊዜ ሌላ ምስክር አይጠፋም። ጌጁን ሰክተህ ግፊቱን ታነባለህ፤ ከቧንቧው ሙቀት ጋር ታስተያያለህ፤ ሱፐርሂቱን፣ ሳብኩሊንጉን ታሰላለህ፤ በትንሿ መስታወት አጮልቀህ ፈሳሹ አረፋ ይኑረው አይኑረው ትመለከታለህ። ከዚያ «በቅቶታል» ወይም «ጎድሎታል» ብለህ ትፈርዳለህ። ውጭው ከ15 ዲግሪ በታች እየወረደ ሲሄድ ግን እነዚህ ምስክሮች ተራ በተራ ቃላቸውን ይቀይራሉ። ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚጥለውን ኮንደንሰር ብርድ ሲመታው ግፊቱ ይወድቃል፤ ግፊቱ ሲወድቅ ጋዙ ሙሉ የሆነ ማሽንም የጎደለበት ይመስላል። እሱን አምነህ ስትጨምርለት፣ ሐምሌ ሲመጣ ማሽኑ በጥጋብ ይታፈናል።

ክብደት ብቻ ነው ወቅት የማይቀይረው። አንድ ፓውንድ ጋዝ በጥርም በሐምሌም አንድ ፓውንድ ነው። ስለዚህ በብርድ ጊዜ ማሽኑን ባዶ አድርጎ፣ በቫኪውም አድርቆ፣ የተጻፈለትን ልክ መዝኖ ማስገባት የሚባለው ነገር የአዋቂ ሥራ ነው። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ የቀረው አንድ ታማኝ ምስክር «በረደኝ» ብሎ የሚተኛው።

አዲስ አበባ ሳለሁ በእኛ ሥራ ሚዛን የሚባል አልነበረም። መርካቶ ውስጥ ፍሪጅ የሚጠግን አለቃ ነበረኝ፤ ጋዝ ሲሞላ የሚተማመነው በመዳፉ ነው። ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰውን ቱቦ ጨበጥ ያደርገዋል። ላብ ሲያወጣ «በቃው» ይላል፤ በረዶ ሲይዝ «በዛበት» ይላል። እኔም መዳፌን አሠለጠንኩ። የአዲስ አበባ አየር ዓመቱን ሙሉ ጨዋ ስለሆነ መዳፍን እምብዛም አያሳስትም፤ የጠገንናቸው ፍሪጆችም ለዓመታት ሲያቀዘቅዙ ኖረዋል። እዚህ መጥቼ ትምህርት ቤት ስገባ አስተማሪው ስለ አውንስ ሲያወራ፣ «ይሄ ሰውዬ ወርቅ ነው እንዴ የሚሸጠው?» ብያለሁ በልቤ። ነገሩ እውነትም ወደ ወርቁ የተጠጋ ነበር፤ የእኛ ወቄት 28 ግራም ገደማ ነው፣ የእነሱም አውንስ 28 ከምናምን።

ከዚያ ፈተናው መጣ። አሜሪካ ውስጥ እንደ እኔ የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚነካ ሰው ሁሉ የ608 ፈቃድ ማውጣት አለበት። ጋዙን ወደ አየር መልቀቅ በፈረንጆቹ ከ1992 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለመርካቶ ልጅ ይህ ትንሽ ድንጋጤ ያመጣል፤ እኛ ጋ ፉሽ ብሎ የሚሄደው ጋዝ የማንም አልነበረምና። ለሥጋ ቤት ፍሪዘሮች ሲሞላ የኖረው 404ኤ የሚባለው ጋዝ በ100 ዓመት ሒሳብ የምድርን ሙቀት በመጨመር ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 3922 እጥፍ ይበልጣል ተብሎ ተሰልቷል። እንግዲህ አንዲት ፓውንድ አምልጣ ብትሄድ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ነው።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ጥር የሠርግ ወር መሆኑን ሚኒሶታ የሚኖረው ሐበሻም አልረሳውም። በሐምሌ፣ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሐይቁ ሁሉ ክፍት በሆነበት ወር መዳር ሲችል፣ ሙሽራይቱን በጥር በረዶ ላይ በተረከዝ ጫማ የሚያስኬድ ቤተሰብ ሞልቷል። 2011 ዓ.ም. ላይም እንዲህ ያለ ሠርግ ነበር። የአስተርዮ ማርያም ማግስት፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 30 ቀን 2019፣ «ፖላር ቮርቴክስ» የተባለው የዋልታ ብርድ በላያችን ተዘረጋ። በሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ የተለካው ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት፣ በእኛው ቋንቋ ከዜሮ በታች 33 ሴልሺየስ ነበር። ከነፋሱ ጋር ገላ ላይ የሚያርፈው ደግሞ ከዜሮ በታች 45ን ያለፈ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በዚያ ቀን ሚኒሶታ ውስጥ ደብዳቤ ማደል አቆመ። ፖስተኛው እቤቱ ቡናውን ሲጠጣ፣ ለእኔ ስልክ ተደወለልኝ።

«ፍሪዘሩ ሞቀ» አሉኝ፣ ከሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ሥጋ ቤትና ሱቅ ያላቸው ጋሼ።

«ምን ያህል ሞቀ?»

«ሥጋው ላብ ጀምሮታል። የቅዳሜ ሠርግ ሥጋ ነው፣ አንተ ልጅ።»

«ጋሼ፣ ውጭውን አይተውታል?»

«ምኑን አየዋለሁ? ዐይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ሽፋሽፍቴ ተጣበቀ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ብርድ አይገርመኝም። የሚገርመኝ አገር ምድሩ ፍሪዘር ሆኖ ሳለ የእኔ ፍሪዘር ብቻ መሞቁ ነው።»

የጠየቁት የዋህ ጥያቄ ይመስላል እንጂ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ፍሪዘሩ ከውስጥ ያለውን ሙቀት ለቅሞ ጣሪያ ላይ ባለው ኮንደንሰር በኩል ወደ ውጭ ይጥላል። ፈሳሹን ጋዝ ከጣሪያ ወደ ፍሪዘሩ የሚገፋው ግፊት ነው፤ ግፊቱን የሚሰጠው ደግሞ የኮንደንሰሩ ሙቀት። ውጭው በጣም ሲበርድ ኮንደንሰሩ ከሚገባው በላይ ይሠራል፣ ግፊቱ ይሞታል፣ ማስፋፊያዋ ቫልቭ የሚደርሳት ፈሳሽ ያንሳል። ይህን ለማዳን በብርድ አገር ማሽኖች ላይ አንዲት የግፊት መጠበቂያ ቫልቭ ትገጠማለች። ሥራዋ በብርድ ጊዜ ፈሳሹን ኮንደንሰሩ ውስጥ አግዳ ሆዱን በከፊል መሙላት ነው፤ ሆዱ በፈሳሽ የተሞላ ኮንደንሰር ብዙ አያቀዘቅዝም፣ ግፊቱም ይቆማል። ታዲያ ያ የታገደ ፈሳሽ ከየት ይመጣል? ከትርፍ ነው። በሞቃት ቀን የማሽኑ የፈሳሽ ማጠራቀሚያ ጋን ውስጥ ተቀምጦ ሥራ የሚፈታ ትርፍ ጋዝ መኖር አለበት። ቀስ እያለ ጋዝ የሚያፈስ ማሽን በበጋ ምንም ሳይታወቅበት ይከርማል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ያ ትርፍ በተፈለገበት ቀን፣ ማለትም በዓመቱ ክፉው ቀን ነው። ስለዚህ ጋሼ ፍሪዘሩ «በብርድ ምክንያት ሞቀ» ቢሉ ትክክል ነበሩ። ይህን በስልክ ላስረዳቸው ሞክሬ፣ «መጥተህ ንገረኝ» አሉኝ።

ስደርስ ሥጋውን ከሱቁ ጀርባ በቆመው የጭነት ቫናቸው ውስጥ ደርድረው ቆልፈውበታል። ከዚያ የተሻለ ፍሪዘር በከተማው አልነበረም። ይሁንና የጤና ተቆጣጣሪ ቢመጣ ቫን ፍሪዘር ነው ብሎ የሚቀበል አይደለም፤ ትንበያውም በሳምንቱ መጨረሻ ብርዱ እንደሚሰበር ይናገራል። ሠርጉ ደግሞ ቅዳሜ።

የጣሪያው መውጫ ክዳን በበረዶ ተጣብቆ ነበር። ረዳቴ፣ እዚሁ ያደገ፣ እኔን «አለቃ» እያለ የሚጠራ ልጅ፣ በትከሻው ሲገፋው ቆይቶ አንዴ ቧ ብሎ ተከፈተ፤ የገባው ነፋስ ከታች የተሰለፈውን የእንጀራ ፌስታል ሁሉ አንሥቶ በተነው። እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ከምጣዳቸው ቀና ብለው ወደ ላይ ካዩን በኋላ በስመ አብ ብለው አማተቡ።

ጋዙ የሚያፈስበትን ቦታ ለማግኘት አልተቸገርንም። ወደ ግፊት መቆጣጠሪያው የምትሄደው ቀጭን የመዳብ ቱቦ ከንዝረት ብዛት ተፈግፍጋ ተሰንጥቃለች፤ ዙሪያዋ በዘይት ወዝቷል። ይህ የጣሪያ ማሽን የታወቀ በሽታ ነው። የተረፈውን ጥቂት ጋዝ በሕጉ መሠረት ሰብስበን፣ ቱቦዋን ቀይረን፣ ቫኪውም ላይ ጣልነው። የቫኪውም ፓምፑ ዘይት እንደ ማር ስለረጋ ፓምፑን ምጣዱ አጠገብ አሙቀን ነው ያስነሣነው። ይህ ሁሉ በየተራ፣ አንዳችን ጣሪያ አንዳችን ምጣድ ዳር እየሆንን ነበር፤ በዚያ ነፋስ የተራቆተ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል።

የማሽኑን ሽፋን ስከፍት ከዚህ በፊት የሠራ ደግ ሰው በጥቁር ማርከር የጋዙን ጠቅላላ ልክ ጽፎልኛል፤ እንዲህ ያለውን ሰው እግዜር ይስጠው። የጻፈው ግን «14.8» ነው። አሥራ አራት ፓውንድ ከስምንት አውንስ ነው? ወይስ አሥራ አራት ነጥብ ስምንት ፓውንድ? አንድ ፓውንድ 16 አውንስ ስለሆነ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱ ወደ አምስት አውንስ ይጠጋል። አምስት አውንስ በትንሽ የቤት ማሽን ላይ ማሽኑን ሊያሳምም ይችላል። ኪሎና ግራም የሚባል ንጹሕ ነገር በዓለም ላይ እያለ፣ ሰው በአሥራ ስድስት ለምን ይቆጥራል? በዚህ ጉዳይ ላይ ጣሪያ ላይ ሆኜ ለረዳቴ ትንሽ ንግግር አድርጌያለሁ፤ ከኮፍያው ሥር መስማቱን ግን እጠራጠራለሁ። ለማንኛውም ጋን ያለው ትልቅ ማሽን ነበርና አምስት አውንስ ትርፍ ቢገባበት የሚያኮርፍ አይደለም። በትልቁ ቁጥር ወሰንኩ።

ሚዛኑን ከሞቀው መኪና አውጥቼ ጣሪያው ላይ አኖርኩት። መጀመሪያ ጥሩ ጨዋ ነበር፤ ዜሮ አለኝ። ምንም ሳልጭንበት ትንሽ ቆይቶ አንድ አውንስ ጎደለ አለ። ቆይቶ ሦስት። ባዶ ሚዛን ምን ይጎድልበታል? ነገሩ እንዲህ ነው፤ የሚዛኑ ልብ አንድ የአሉሚኒየም ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ መለኪያዎች ተለጥፈዋል። ዘንጉ በክብደት ቅንጣት ታህል ሲጎብጥ እነሱ ይለጠጣሉ፣ የኤሌክትሪክ መንገዳቸው ይጠባል፣ ይህ ተሰልቶ ቁጥር ይሆናል። መለኪያዎቹ አራት የሆኑት የአንዱን የሙቀት ለውጥ ሌላው እንዲያጣፋ ነው፤ ያ የሚሠራው ግን ሁሉም እኩል ሲበርዱ ነው። ከ20 ዲግሪ ሙቀት ወጥቶ ከዜሮ በታች 33 ላይ የወደቀ ዘንግ አንድ ጎኑ ሲበርድ ሌላው ገና መኪናውን ያስባል። የብዙዎቹ ዘንጎች ማስተካከያ ደግሞ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ድረስ ብቻ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ መታገሥ፣ ሚዛኑ ብርዱን እስኪለምድ መጠበቅ፣ ከዚያ እንደገና ዜሮ ማድረግ ነው።

ጠበቅን። ቁጥሩ መንከራተቱን ተወ፤ መስኮቱ ግን መፍዘዝ ጀመረ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ሲበርድ ይረጋል፤ የድሮው ቁጥር ሳይጠፋ አዲሱ በላዩ ላይ እንደ ጥላ ይመጣል። ሚዛኑ የሚነግረኝ የአሁኑን ሳይሆን የቅድሙን ነው። ረዳቴ «አለቃ፣ ስልኬ ላይ ይታያል» አለ፤ ሚዛኑ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይነጋገራል። ጓንቱን አውልቆ ስልኩን አወጣ፤ ስልኩ 60 በመቶ ባትሪ እያሳየ ወዲያው ጠፋ። ስልኩን ብብቱ ሥር ከተተ፤ እጁንም እዚያው ተወው።

ቀጥሎ ሲሊንደሩ። ብርቱካናማውን የ404ኤ ሲሊንደር ጭኜ ሆሱን ሳገናኘው፣ ሆሱ በብርድ ደርቆ እንደ ብረት ቆሟል። በሞቀ ቀን የሚንጠለጠል ነገር አሁን ሲሊንደሩን በጎን ይገፋል፤ ክብደቱ ሁለት ፓውንድ ይቀንሳል፣ ሆሱን ስነካው መልሶ ይጨምራል። ከዚያ ነፋሱ ተጨመረበት። ነፋስ ሲሊንደሩን ሲገፋ ቁጥሩ ይወጣል፣ ጋብ ሲል ይወርዳል። በረዶ ብናኝም እየመጣ ትሪው ላይ ያርፋል፤ እሱም ይመዘናል።

ያኔ የበላዔ ሰብእ ሥዕል ትዝ አለኝ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የሚሳለውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ 78 ሰው የበላ ሰው፣ ለአንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ከነፍሶቹ ሁሉ ይበልጣል። ልጅ ሆኜ ሥዕሉን ሳይ የሚገርመኝ ምሕረቱ ሳይሆን ሚዛኑ ነበር፤ ውኃው እንዴት አጋደለ? ትልልቆቹ «የእመቤታችን ጥላ አርፎበት ነው» ይሉኝ ነበር። ጣሪያው ላይ ሆኜ ለዚያ ጥያቄ ሌላ መልስ አላገኘሁለትም፤ ሚዛን ላይ የማይታይ ነገር እንደሚያርፍ ግን አመንኩ። የእኔ ላይ ያረፈው ከካናዳ የመጣ ነፋስ ነበር፤ ምሕረት የለውም።

ረዳቴ ካርቶን ቀዶ ነፋሱን ሲከልል ቁጥሩ ትንሽ ረጋ። ቫልቩን ከፈትኩ። ቫኪውሙ መጀመሪያ ስቦ ወሰደ፤ ከዚያ ነገሩ ሁሉ ቆመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሲሊንደሩ ሞቆ 20 ዲግሪ ላይ ሲሆን ውስጡ ከ140 ፒኤስአይ ያላነሰ ግፊት አለው፤ ከዜሮ በታች 29 ሲደርስ ግን 16 ገደማ ይቀረዋል። እሱም ራሱ ፍሪዘሩ ሲሠራ በመምጠጫው በኩል ካለው ግፊት ጋር እኩል ነው። እኩል ከእኩል ምን ይሄዳል? ይህም 404ኤ ስለሆነ ነው። ለትንንሽ ፍሪጆች የምንሞላው 134ኤ የሚፈላው ከዜሮ በታች 26 ላይ ነው፤ በዚያ ቀን የ134ኤ ሲሊንደር ውጭ አድሮ ቫልቩ ቢከፈት ጋዝ በመስጠት ፈንታ አየር ይስብ ነበር። በፈረንጆቹ 1996 ላይ ታወር በምትባል የሚኒሶታ ከተማ ከዜሮ በታች 60 ፋራናይት፣ 51 ሴልሺየስ፣ ተመዝግቧል፤ በዚያ ቀን 404ኤ ራሱ በክፍት ባልዲ እንደ ውኃ ይቀመጥ ነበር።

አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ ችቦ አውጥቶ ሲሊንደሩን በእሳት ያሞቃል። እኔ ግን ልጆቼን እወዳቸዋለሁ። ሲሊንደር ከ52 ዲግሪ በላይ መሞቅ የለበትም፤ ለብ ያለ ውኃ ወይም ሞቅ ያለ ክፍል ይበቃዋል። ወደ ታች ላወርደው ጎንበስ ስል ሚዛኑ ጠፋ። ባትሪው ነው፤ ተራው የዘጠኝ ቮልት አልካላይን በዚያ ብርድ ጉልበቱን ያጣል፤ ሊቲየም ቢሆን ይታገሥ ነበር፣ የሊቲየሙ ሳጥን ግን ባዶ ነው። ሚዛኑ ሲጠፋ ዜሮውንም ይዞ ጠፋ፤ እስካሁን ስንት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ሚዛኑን ላነሣው ስል ደግሞ አልነሣም አለ። ከመኪናው ይዞት የወጣው ሙቀት እግሩ ሥር ያለውን በረዶ አቅልጦ፣ መልሶ አብሮት ረግቶ ከጣሪያው ጋር ተጣብቋል። ረዳቴ በስፓና እጀታ ቀስ እያለ ሲፈለቅቀው እኔ ጣሪያው እንዳይቀደድ እጮሃለሁ።

ሲሊንደሩንና የተፈለቀቀውን ሚዛን ታቅፈን ስንወርድ ጋሼ ሥጋ ቆራጫው ጋ ቆመው አዩን።

«ምን ሆነ?»

«ሚዛኑ በረደው፣ ጋሼ።»

«የአንተ ሚዛን በረደው። የእኔስ?»

ቢላዋቸውን አስቀመጡና ወደ ሥጋ ሚዛናቸው አመለከቱ። እስከ 60 ፓውንድ የሚመዝን፣ የስቴቱ የንግድ መሥሪያ ቤት የመለኪያ ተቆጣጣሪዎች ማኅተም የተለጠፈበት፣ ሞቆ የሚኖር ሚዛን። ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን አቆምኩ። ሲሊንደሩ ከመውጣቱ በፊትና ከወረደ በኋላ እዚህ፣ በሙቀት ውስጥ፣ ነፋስ በሌለበት ቢመዘን፣ የቀነሰው ክብደት የገባው ጋዝ ነው። ሚዛኑ ጣሪያ መውጣት ለምን አስፈለገው? ከሕጉም ከፊዚክሱም የሚቃረን ነገር የለም።

እስካሁን የገባውን ለማወቅ ግን መነሻው የለንም። ስለዚህ ማሽኑ ውስጥ የገባውን ወደ መሰብሰቢያው ሲሊንደር መልሰን፣ እንደገና ቫኪውም ጣልንበት። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍኩት እንጂ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ የበላው እሱ ነው። ሁለተኛውን አዲስ ሲሊንደር እትዬ ምጣዱ አካባቢ አስቀመጡልን፤ እስኪሞቅ ሻይ ጠጣን። ሞቅ ሲል ጋሼ የሥጋ ወረቀት አንጥፈው በላዩ አስቀመጡት። ሚዛኑ ላይ የቀረው የበሬ ሥጋ ዋጋ አልተሰረዘም ነበርና ማሳያው የሲሊንደሩን ክብደትና ዋጋውን አብሮ ጻፈ። ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ደንበኛ አንገቷን አስግጋ፣ «ይሄ ደግሞ ምንድነው? በፓውንድ ስንት ነው?» አለች። ጋሼ «ለጾም አይሆንም» አሏት።

«እንዲህ ዕራቁቱን ብታወጡት እደጃፉ ላይ ይበርደዋል» አሉ እትዬ፤ ገብተው አሮጌ ጋቢ ይዘው መጡ። ሲሊንደሩን እንደ ሕፃን ጠቅልለው ረዳቴ ጀርባ ላይ አዘሉለት፤ ልጁም አዝሎ መሰላሉን ወጣ። ሆሱንም ምጣዱ ጎን ሰቅለነው ስለነበር እንደ ልቡ ይተጣጠፋል። ሲሊንደሩን ዘቀዘቅነው፤ 404ኤ የሦስት ጋዞች ቅልቅል ስለሆነ በፈሳሽነቱ መውጣት አለበት፣ በተን ሆኖ ከወጣ ቶሎ የሚተነው ይቀድምና ቅልቅሉ ይበላሻል። ከሙቀት የወጣው ሲሊንደር በጋቢው ውስጥ ሆኖ ሲገፋ ማሽኑ ጠጣ። እየዘጋን፣ ወደ ታች እያወረድን፣ ሥጋ ወረቀቱ ላይ እያስቀመጥን መዘንን። የጋሼ ሚዛን በፓውንድ ነጥብ ስለሚቆጥር የአሥራ ስድስቱ ጣጣ አልነበረም። በየመውረዱ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ቁጥሩን በአንድ ድምፅ ያነብ ጀመር፤ አንድ ሽማግሌ ወረቀት አውጥተው ማቀናነሱን ያዙልን። «አምስት ነጥብ ሁለት ይቀራችኋል» ይላሉ፤ እንወጣለን። «ሁለት ነጥብ አንድ።» እንወጣለን። ለጋዝ ሥራ እንዲህ ያለ ምስክር በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም።

14.8 ላይ ሲደርስ ዘጋሁ። መስታወቷ ጠርታ ነበር፤ የግፊት መጠበቂያዋም ሥራዋን ይዛለች። ማታ ላይ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ላይ ቆመ። ሥጋውን ከቫኑ መልሰን ስናስገባ ከፍሪዘሩ ይልቅ እሱ ነበር የሚበርደው፤ ሲወርድ ድንጋይ ድንጋይ ይላል።

ሒሳብ ላይ ስንደርስ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ደረሰኙን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «404ኤ፣ 14.8 ፓውንድ» የሚለው ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይህን ማን መዘነው?»

«የእርስዎ ሚዛን።»

«ታዲያ የሚዛን ኪራይ የታለ?»

«ጋቢዬንም ዘይት ነክቶታል» አሉ እትዬ ከኋላ።

ከእጅ ዋጋው ላይ ጥቂት ቀነስኩ። ለእኔም ሁለት ፓውንድ ጥብስ እንዲመዝኑልኝ ጠየቅኋቸው። ሚዛኑን በሆምጣጤ ጨርቅ ወልውለው፣ መዝነው፣ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ያስከፈሉኝ ግን ሙሉውን ነው።